ሦስት ሽማግሌ ይዤ ምክር ቤት ገባሁልሽ

የኔ ጀግና ህብረት፣ ከኔ በላይ ኑሪልኝ፤ የረገጥሽው ይለምልም። አያትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

አባትሽ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ላይ ስሙ ገኗል! እዚህ መንግሥት ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ወላጅን ይረዳል። ለትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ይህ እርዳታ ይቅር የሚል ረቂቅ ሕግ መጣ። ካለፈ አንቺ የምትገቢበት የቤተክርስቲያናችን ትምህርት ቤት መዘጋቱ ነው። ሌላው ወላጅ ኢሜይል ይልካል። እኔ ግን ግሮቭ ሲቲ ከምሠራበት መጋዘን የአንድ ቀን ኦፍ ወስጄ፣ ልክ ሚስት ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው፣ ሦስት ሽማግሌ ይዤ ሕጉ ላይ ድምፅ የሚሰጠው የአካባቢያችን የምክር ቤት ሰውዬ ቢሮ ገባሁ።

"ቁጭ በሉ" አለን።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሼ ጀማነህ፣ በነጭ ጋቢያቸው "እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይቀመጥም" አሉ። ተረጎምኩለት። ሳቀ። እኔ ለልጄ ስል ሕጉን እንዲቃወም ለመንኩት፤ እኛ ንቅንቅ የለም፣ ሃያ ደቂቃ! መጨረሻ ላይ አፍሮ እሱም ተነስቶ ቆመ።

"ልጅህ ስንተኛ ክፍል ናት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ገና አልመጣችም። ቦታዋን እየጠበቅኩላት ነው።"

ከዛ "እሺ፣ እቃወመዋለሁ። አሁን ተቀመጡልኝ" አለ።

ማክሰኞ ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ያቺ አንዷ የአባትሽ ናት!

አምላክ በሰላም ያገናኘን። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ቪዛሽ እስኪመጣ የእንግሊዝኛ ንባብሽን አትተዪ። እዛ ቢሮ ሕጉን ተቃውሜ የፈረምኩትን የእንግሊዝኛ ወረቀት ጸሐፊዋ ናት ያነበበችልኝ። የሚቀጥለውን አንቺ ታነቢልኛለሽ።