ማይዝግ የተባለው ማርሚታ

ላ ቤ፣ የካቲት ማለቂያ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የከረመብህ ሳል ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው እንደምታውቀው ነው፤ ደረጃ ስወጣ ያማርራል፣ ስወርድ ዝም ይላል። ብርዱ ዘንድሮ ጨክኗል። የባሕሩ በረዶ ግን ገና ጠንካራ ነው፤ ሰውም መኪናም ያለ ስጋት ይሄድበታል።

የምጽፍልህ በስልክ ስለማታስጨርሰኝ ነው። እሑድ ዕለት ደውለህ ጮህክብኝ፤ እኔ "ቆይ ላስረዳህ" ስል "ምን ማስረዳት አለው" ብለህ ዘጋህ። ወረቀት መሀል ላይ አይዘጋምና ቁጭ ብዬ ጻፍኩ።

በመጀመሪያ ስሞታህን ልድገመው፤ በትክክል ሰምቼህ እንደሆነ አንተው ፍረድ። በረዶው ሳይጀምር መጥተህ የአባትህን መኪና ደጅ ካለው የሸራ ድንኳን ውስጥ አቆምክ። አሮጌውን የጭስ ማውጫ ማርሚታ አውልቀህ ከማይዝግ ብረት የተሠራ አዲስ አስገባህለት፤ ኬቤክ ከተማ ያለው ገዢ እንዲወደው። "እማዬ፣ በረዶው እስኪቀልጥ እንዳትነኪው" አልከኝ። በረዶው ሲቀልጥ መኪናው ይሸጣል፣ ከዚያ ቤቱ ይሸጣል፣ ከዚያ እኔ ከሻንጣዬ ጋር አንተ ዘንድ ቪክቶሪያ እወሰዳለሁ። አሁን ገዢው ሰው ልኮ ሥሩን አስመረመረ፤ ማርሚታው ላይ ነጭ ጨውና ቡናማ ነጠብጣብ ተገኘ። አንተም "ከድንኳን ያልወጣ መኪና ጨው ከየት አመጣ?" አልከኝ።

ከመንገድ ነዋ። ሌላ ከየት ያመጣል?

ደግሞ ያስወጣኸኝ አንተ ነህ። ከገና በኋላ "የአባባን የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ዝም ብለሽ አታስቀምጪው፣ ሽጪው" ብለህ አልነበረም? ጎጆው ያለው በረዶው ላይ ነው። አውቶቡስ ባሕር ላይ አይሄድም። ባለታክሲው "ማዳም፣ እኔ መሬት ላይ ነው የምነዳው" አለኝ። በእግሬ እንዳልሄድ ጉልበቴ አለ። ስለዚህ ቁልፉን አንስቼ የአባትህን መኪና አስነሳሁ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

ጎጆውን ሊገዙ የጠየቁት ሙሴ ቫልሞር ናቸው። አባትህ አጠገባቸው ነበር የሚያጠምደው፤ ታስታውሳቸው ይሆናል፣ መንገዱ በበረዶ እንዳያንሸራትት ጨው የሚበትነው የከተማው መኪና ሹፌር የነበሩት፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ዋጋ ልናገር ስል "ማዳም፣ ከመሸጥዎ በፊት አንድ ጊዜ ይቀመጡበት" አሉኝ። ምድጃውን አቀጣጠሉልኝ፤ ክሩን በረዶው ላይ በተበሳው ቀዳዳ አወረዱልኝ። አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ ያዝኩ። አባትህ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ አልያዘም፤ ነፍሱን ይማረውና ይህን ቢሰማ ይናደድ ነበር። ጎጆውን በዚያ ቀን አልሸጥኩትም። በሚቀጥለው ረቡዕ ልሸጠው ተመለስኩ፤ በዚያም ቀን አልተሸጠም።

ወደ ባሕሩ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ በረዶ ከሚጥልበት ይልቅ ጨው የሚጥልበት ይበልጣል። መኪናዋ ወደ ቤት ስትመለስ ሆዷ ድረስ ነጭ ነበር። ይህን አይቼ ተጨነቅሁ፤ አንተን እያሰብኩ ማለት ነው። ለሙሴ ቫልሞር ብነግራቸው "እንዴት ይህን የመሰለ መኪና በብርድ ያሳድራሉ? የእኔ የመኪና ቤት ማሞቂያ አለው፤ እዚያ ያስገቡት" አሉኝ። እዚህ አገር አንድ ሰው የሞቀ የመኪና ቤቱን ከለቀቀልህ ከዚያ በላይ ክብር የለም፤ የራሳቸውን መኪና አውጥተው ደጅ አቆሙት። እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። ከረቡዕ እስከ እሑድ እዚያ ታድር ጀመር።

ሁለታችንም የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። ጨው በብርድ ደንዝዞ ይተኛል። ሙቀት ሲያገኝ ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል፣ ብረት መብላት ይጀምራል። እኛ ደግሞ ማሞቂያውን ከፍ እናደርግለት ነበር፣ እንዳይበርደው።

ማርሚታው ቡናማ ሲሆን ቫልሞር "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ" አለና የሽቦ ብሩሹን ይዞ ከሥሩ ገባ። ያ ብሩሽ በሥራ ዘመኑ የጨው መኪናውን የፊት የበረዶ አካፋ ሲፈገፍግበት የኖረው ነው። እየፎገረ፣ እያፏጨ ፈገፈገው፤ ወጥቶም "ነይ እይ፣ ፀጉርሽን ልታበጥሪበት ትችያለሽ" አለኝ። እውነትም እንደ መስታወት አበራ። ሳምንት ሳይሞላው ግን እንደ ኩፍኝ ነጠብጣብ አወጣ። ደግሞ "ዘይት እንቀባው" ሲለኝ ትዕግሥቴ አለቀ። "ሲግል መጥበሻ ልታደርገው ነው? መንገዱን ሁሉ በጭስ ልንሞላው ነው?" አልኩት።

መኪናዋን ማርሚታ የምትገጥመው ማርዦሌን ዘንድ ወሰድኳት። ወደ ላይ አንስታ በባትሪ እያየች አንገቷን ነቀነቀች። ተራ የሽቦ ብሩሽ የራሱን ብረት የማይዝገው ላይ ጥሎበት እንደሚሄድ፣ የሚዝገውም በመጀመሪያ ያ እንደሆነ ነገረችኝ። የሞቀውንም ቤት ስነግራት ሳቀች። ከዚያ "ማዳም፣ ይህን ያደረገብዎ ጠላትዎ ነው ወይስ ወዳጅዎ?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መልሼ በምን እንደሚታጠብ ጠየቅኋት።

በመመለሻዬ ቫልሞርን በር ላይ አገኘሁትና ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። "ዕድሜህን ሙሉ ቁልቁለቱን ጨው ስታለብስ ኖረህ፣ አሁን ደግሞ የልጄን ማርሚታ ትጨርሰው?" አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ሰማኝ። ስጨርስ "ጨው ባልበትን ባልሽ አንድ ቀን ከነመኪናው ባሕር ይገባ ነበር፤ ዛሬ የምትጮኺበት ማርሚታም አይኖርሽም ነበር" አለኝ። በጣም አናደደኝ፤ ደግሞ እውነቱን ነው። ቀጥሎ "ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው" አለ። የአተር ሾርባ ሲሠራ ጨው ያበዛል። እሱንም ነገርኩት።

አሁን የምናደርገውን ስማ፤ ከገዢህ ሰው ይልቅ እኔን ብታምን ይሻልሃል። ከባሕሩ እንደተመለስን የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር ዘርግተን ለብ ባለ ውሃ ጨውን እናወርዳለን። ነጠብጣቡን ማርዦሌን በሰጠችኝ ማጠቢያና በፕላስቲክ መፈግፈጊያ እናሻለን፤ ቫልሞር ካርቶን ላይ ተጋድሞ ያሻል፣ እኔ መብራት እይዛለሁ፣ እሱ "ወደ ግራ" ሲል እኔ ወደ ቀኝ አበራለሁ። የሽቦ ብሩሹን ለጎረቤት ሰጥቼበታለሁ፤ እስካሁን ይፈልገዋል። ከታጠበች በኋላ ማርሚታው በውስጥም በውጭም እስኪደርቅ፣ እስኪግል ድረስ መንዳት ግድ ነው። አጭር መንገድ እርጥበቱን ሆዱ ውስጥ ያስቀረዋል። ስለዚህ እስከ ሳን ፌሊ መንደር ድረስ እንነዳለን፤ እዚያ የስጋ ኬክ የሚሸጥበት ቤት አለ፣ በልተን እንመለሳለን። ለማርሚታው ስንል ነው። ከዚያ ደረቋን ደጅ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ብርድ ላይ ትቆማለች። ድንኳኑን ነቅለን ወደ ቫልሞር ደጅ ወስደነዋል፤ የእኔ ደጅ ጠባብ ነው።

ነጠብጣቡ ሊጠፋ ትንሽ ቀርቶታል። ይህን የምነግርህ ግን ለገዢው እንድታስተላልፍ አይደለም። ለገዢው ሽያጩ ቀርቷል በለው። መኪናዋ በእኔ ስም ናት፤ እኔ ደግሞ አልሸጥም። ጎጆውም አልተሸጠም። ቤቱን በሚመለከት ስትመጣ እንነጋገራለን፤ ያን ጊዜም ቢሆን አንተ በጮህክ ቁጥር እኔ ተነስቼ ወደ ወጥ ቤት እገባለሁ።

ቪክቶሪያ በረዶ የለም፣ ጨው የለም፣ ብረት አይዝግም ትለኛለህ። አምንሃለሁ። ለእኔ ደግ አስበህ እንደሆነም አውቃለሁ፤ ብቻዋን ወድቃ ትገኛለች ብለህ ነው የምትፈራው። ግን እዚያ ረቡዕ ረቡዕ ምን ልሠራ ነው? አንተ ሥራ፣ ሚስትህ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እኔ መስኮት ላይ ተቀምጬ ያልዛገ መኪና ልቁጠር?

የአባትህን ፎቶ ከጎጆው ግድግዳ አላወረድኩትም። ላውርደው ብዬ ነበር፤ ቫልሞር "ተይው፣ እዚህ የነበረው ከእኔ በፊት ነው" አለኝ።

በመጋቢት በረዶው ሳይሳሳ ብቅ በል። ወፍራሙን ጫማህን አምጣ። ጎጆው ውስጥ ያሉት ወንበሮች ሁለት ናቸው፤ አንተ ባልዲው ላይ ትቀመጣለህ።

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ ቅድስት አና አንተንም ቤትህንም ትጠብቅልኝ። የልጆቹን ጉንጭ ሳምልኝ።

የምትወድህ
እናትህ

ማታ ማታ ወደ ቤት እየደወልክ "አታነሳም" ብለህ አትጨነቅ። ከዚህ ወረቀት ጀርባ በጻፍኩልህ ቁጥር ደውል። ወንድ ነው የሚያነሳው፤ ቁጥር ተሳሳትኩ ብለህ እንዳትዘጋው።