አያ ወንዴ ተንደርድሮ እንዳይመጣ

ይድረስ ለወንድሜ ለአያ አለበል፤ እባክህ የዛሬን ብቻ እመነኝ። ባለፈው የጎተራው ግድግዳ ሊወድቅ ነው ብዬ አስደንግጬህ ግድግዳው እስከዛሬ እንደቆመ ነው፣ አውቃለሁ፣ የዛሬው ግን ሌላ ነው። እንዴት ከረምህ፣ የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል፣ ሚስትህ ጥሩስ ደኅና ናት፣ ብሌን ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን እስካሁን ደኅና ነን። ስደውል እንባ እየቀደመኝ ምንም አይሰማህም፣ ለዛ ነው ጽፌ በጓደኛዬ በትዕግስት ስልክ ፎቶውን የላክሁልህ።

የአባባ አይሱዙ ገብስ እንደተጫነ ሞተር ማስነሻው ሞተሪኖ ተበላሽቶ መታጠፊያው ላይ ቆሟል። የቆመበት ሜዳ ነው፣ ከፊቱ ግን ቁልቁለቱና ገደሉ ነው። ጧት ጎረቤታችን አለነ በባዶ ፒካፑ ከኋላ ቀስ ብሎ ተጠግቶ ገፋው፣ ሁለቱም ተያይዘው እንደ ጉንዳን ትንሽ ሄዱና ቆሙ፣ ሞተሩ አልነሳ አለ። አሁን አያ ወንዴ ከጎንደር በከባድ መኪናው አሸዋ ጭኖ እየመጣ ነው። ደውሎ «ምነው በፒካፕ ትጫወታላችሁ፣ እኔ ተንደርድሬ አንዴ ባሳርፍበት ሙትም ይነሳል» አለ፣ ሁሉም ሳቁ። አባባ ደግሞ «ሰንሰለት አላልተን እናስራቸዋለን፣ ገደሉ ጋ ሲደርስ ወንዴ ይይዘዋል» ይላል። መሪው ላይ የሚቀመጠው ታናሻችን ሰውአገኝ ነው። ሞተር ካልነሳ ፍሬኑ በደንብ እንደማይዝ ራሱ ነግሮኛል፣ ፈራ እንዳይሉት ዝም አለ እንጂ።

ለጥምቀት መጥተህ በስልክህ ያሳየኸኝን ታስታውሳለህ፣ ሰማይ ላይ ሁለት የጠፈር መንኮራኩሮች ሲገጣጠሙ። ምነው እንዲህ ተንቀረፈፉ ብልህ፣ የኋላው ይዞት የመጣው ግፊት ሲገናኙ አይጠፋም፣ ለሁለቱ ይካፈላል፣ ከተያያዙ በኋላ እንደ አንድ ሆነው ነው የሚሄዱት አልከኝ። ባዶው ፒካፕ ቀስ ብሎ ያን ያህል ካንቀሳቀሰው፣ አሸዋ የጫነ ተንደርድሮ ቢመጣበት ስንት ነው የሚያካፍለው? ሰንሰለቱስ ምኑን ይይዛል፣ አያ ወንዴም አብሮ ነው የሚወርድ። ይህን ብነግራቸው «የጎተራዋ ነቢይ» አሉኝ።

አባባ ያንተን ቃል ይሰማል። አያ ወንዴ በገመድ ወደ ኋላ ጎትቶ ከገደሉ ያርቀው በለው። እምቢ ካለም አሸዋውን ያራግፍና እንደ ጧቱ ቀስ ብሎ ይጠጋ።

እማ ሰላም ብላሃለች፣ ሰውአገኝ እንደሚነዳ አልነገርናትም። ትዕግስትም ሰላም ትልሃለች። ጥሩን ሰላም በልልኝ፣ ብሌንን ጉንጯን ሳምልኝ።

እህትህ የትነበርሽ
ድብ ባሕር፣ የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሰውአገኝ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። አያ ወንዴ ሲመሽ ይደርሳል ተብሏል። ፀሐይ ሳትገባ ለአባባ ደውልለት።