ሳልነግርህ የቀረሁት ቃል

ጻካኔ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ መስከረም 2013 ዓ.ም.

ውድ ማርቆስ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ከንቱ ነው ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬም አቋሜን አልቀየርኩም። የምጽፍልህ ሙታን የማይሠሩትን ነገር ስለሠራህ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጠው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው እንግሊዝኛ የተማርኩት ጆበርግ መሀል ከተማ በሃያ ራንድ ከገዛሁት፣ ሽፋኑ ከወለቀ መዝገበ ቃላት ነው። መጽሐፉ የቃሉን ፍች ብቻ ሳይሆን ከየት እንደ መጣም ይናገራል። አንተ ደግሞ ሆሳዕና ላለችው ልጅህ ለፊቤ በየማለዳው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በስልክ ትልክላት ነበር። ቃሉን እኔ እሰጥሃለሁ፤ አንተ እንደ ገዛ እውቀትህ አድርገህ ትጽፍላታለህ። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ «በርቺ የኔ ጎበዝ» ትጨምራለህ። ትምህርት ማባበያ አያስፈልገውም ብዬህ ነበር። አልሰማኸኝም።

«ሎርድ» በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዳቦ ጠባቂ» ማለት እንደ ነበር የነገርኩህ ቀን ትዝ ይለኛል። ከሱቃችን ፍርግርግ ጀርባ እጅህን ወገብህ ላይ አድርገህ፣ «እንግዲያው የጻካኔ ሎርድ እኔ ነኝ! ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስትጠራኝ ቆብህን አውልቅ» አልክ።

«መጀመሪያ ዳቦውን ከአይጥ ጠብቅ» አልኩህ።

ጎጎ የምንላቸው አሮጊት ጎረቤታችን ግማሽ ዳቦ ሲፈልጉ «ሎርድ፣ ሃፍ ሎፍ ስጠኝ» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁንም መጥተው «ሎርድ የት ሄደ?» ይሉኛል። ነግሬአቸዋለሁ፤ ግን ይጠይቃሉ።

ሐምሌ ላይ የወረርሽኙ ሳል ሲጀምርህ ከሱቁ ኋላ ባለችው ክፍል ለብቻህ ተኛህ። ምግብህን ደጃፍህ ላይ አስቀምጬ እመለስ ነበር። በአራተኛው ቀን መስኮቱን አንኳኳህ።

«ጋሼ፣ የዛሬውን ቃል ሳልልክላት ረፈደ። ይሄ መስኮት፣ ዊንዶው የሚሉት፣ ከየት የመጣ ቃል ነው?»

አውቀው ነበር። ለማስረዳት ግን መቅረብ ነበረብኝ፤ ድምፅህ ደክሟል፣ የኔም ጆሮ እንደምታውቀው ነው። ትንፋሽህን ፈራሁ። ከግቢው መሀል ቆሜ «ስትድን እነግርሃለሁ» ብዬ ጮህኩና ሄድኩ። በማግስቱ አምቡላንስ ወሰደህ። በሳምንቱ ስልክህን በፕላስቲክ ከረጢት አስረከቡኝ።

ቀብርህ ላይ ስድስት ሰው ነበርን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አጵሎስ እዚያው መቃብሩ አፍ ላይ፣ «መርዶ በስልክ አይነገርም» አለ። «ሽማግሌዎች በንጋት ሚስቱ ስንዱ ቤት ገብተው ነው የሚነግሯት። አሁን እዚያም መሰብሰብ ተከልክሏል። ስንዱ ደግሞ ደም ግፊቷን ታውቃለህ።»

«ባለቤቷ ዝም ካለ አትጠረጥርም?»

«ለልጅቷ ቃሉን ላክላት። ጉሮሮዬን አሞኝ መናገር አልችልም ብለህ ጻፍ።»

«ይህ ውሸት ነው» አልኩት።

«ውሸት አይደለም ሀቢሶ፤ ማቆየት ነው።»

የቃልን ሥር ስቆፍር ያረጀሁ ሰው በዚህች ቃል ተሸነፍኩ።

አርባ ሦስት ቀን በስምህ ጻፍኩ። «ኳራንቲን» መርከቦች ከወደብ ርቀው ይቆሙበት ከነበረው አርባ ቀን እንደ መጣ ጻፍኩላት። «ናይትሜር»፣ ቅዠት ማለት፣ ደግሞ በተኛ ሰው ደረት ላይ ከሚቀመጥ መንፈስ። «ዊንዶው»ን ግን እጄ እምቢ አለኝ። «በርቺ» ብዬም አልጻፍኩም፤ ለአንተ ስል እንኳ አልጻፍኩም። ልጅቷ በየቀኑ «እሺ አባዬ። ጉሮሮህ እንዴት ሆነ?» ትለኛለች።

ጳጉሜን ሁለት ለሦስት አጥቢያ መብራት ጠፍቶ ስልክህ ሳይሞላ አደረ። እስከ ረፋድ ድረስ ባትሪው አልቆ መሳቢያ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተኝቶ ነበር። መብራት ሲመጣ ሞልቼ ስከፍተው የፊቤ መልእክት ገባ። «አባዬ፣ የዛሬው ቃል ከሁሉም ይበልጣል!»

እኔ ምንም አልላክሁም ነበር። «የትኛው ቃል?» ብዬ ጻፍኩ።

«ትቀልዳለህ!» አለችና የስልኳን ገጽ ፎቶ ላከችልኝ። «ዊንዶው። በጥንት የሰሜን ሰዎች ቋንቋ የነፋስ ዓይን ማለት ነው። ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ወደዚያ ያያል። በርቺ የኔ ጎበዝ።» ከበላዩ ስምህና ፎቶህ አለ። ሰዓቱ ማለዳ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። በአንተ ስልክ ላይ ያ መልእክት የለም።

ሆስፒታል ሆነህ ጽፈኸው መንገድ ላይ ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ታዲያ ፍቹን ማን ነገረህ? መጽሐፉ ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ። ስለ ትንፋሽ የተጻፈው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥም የለም።

በዚያው ቀን ለአጵሎስ ደወልኩ። «ነገ በንጋት ሽማግሌዎቹ ስንዱ ቤት ካልገቡ በሦስት ሰዓት ራሴ እደውልላታለሁ» አልኩት።

«አንተ ግትር! ሴትዮዋን ልትገድላት ነው?»

«ሞቶ ያላረፈ ሰው አለ» አልኩት።

በማግስቱ አራት ሽማግሌዎች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ገቡ። ስንዱ ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ቆይታ ተመልሳለች፤ በሕይወት አለች። በሦስተኛው ቀን ፊቤ ወደ አንተ ስልክ ደወለች።

«አባባ ሀቢሶ፣ ሲጽፉልኝ የነበሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉንም?»

አዎ ማለት እችል ነበር። ልጅቷም እንቅልፏን ታገኝ ነበር። አርባ ሦስት ቀን ዋሽቻታለሁና ሌላ መጨመር አቃተኝ።

«አንዱን አልጻፍኩም» አልኳት።

የትኛውን ብላ አልጠየቀችም። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም ስልኩን አልዘጋሁም። በኋላ፣ «ከሰኞ ጀምሮ በራስዎ ስም ይላኩልኝ» አለችኝ። እልክላታለሁ።

ማርቆስ፣ በዚያ ቀን ልቀርብህ ይገባ ነበር። ፈራሁ። ይህን በሕይወቴ ለማንም ብዬ አላውቅም፤ ለአንተ እላለሁ፦ ፈራሁ፤ ይቅር በለኝ።

ሲም ካርድህን አውጥቼ ስልኩን አጥፍቼ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ዛሬ ማለዳ ሱቁን ስከፍት ከሳጥኑ ውስጥ መልእክት ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ሰማሁ። አልከፈትኩትም፤ አልከፍተውምም። የልጅቷን ትምህርት ለእኔ ተወው። ፊቤ ሞትህን ተቀብላለች። አንተም ተቀበለው።

ወንድምህ
ሀቢሶ