ለሕፃናት መምህር ሲፈልጉ የኖሩት የአቶ ዋኘው ቢሻው የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋኘው ቢሻው ከአባታቸው ከአቶ ቢሻው ተገኘ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እናኑ ይርዳው በአምባ ጊዮርጊስ አቅራቢያ በ1959 ዓ.ም. ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በጎንደር ከተማ ተከታትለው፣ በመምህርነት ሠልጥነው በ1980 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ታየች አስናቀው ጋር ተጋብተው ትዕግስትን፣ ሙሉሰውንና ሃናን ወልደዋል።

ከሃያ ዓመት ማስተማር በኋላ ወደ ትምህርት ቢሮ ተዛውረው የመምህራን ምደባ ዕቅድ ባለሙያ ሆኑ። መንግሥት የአምስትና የስድስት ዓመት ሕፃናት በነፃ የሚማሩባቸው ክፍሎች በየገጠሩ እንዲከፈቱ ሲያዝ፣ ለየክፍሉ መምህርና ሞግዚት ማግኘት የእርሳቸው ጭንቀት ሆነ። ክፍሉስ በአንድ ወር ይሠራል፤ ሰው ከየት ይምጣ? አንዲት መምህርት ከመመደባቸው በፊት የት እንደምታድር፣ ውኃ ከየት እንደምትቀዳ ሄደው ያዩ ነበር። አለቆቻቸው «ዋኘው የያዘው ምደባ ነው ወይስ ልጅ መዳር?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ይህም ሆኖ ደጋውን የሚደፍር ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. ከአምባ ጊዮርጊስ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ወዳለች ቀበሌ የተመደበች መምህርት አልሄድም ስትል፣ አባቷ ቢሮ ድረስ መጥተው «ምነው አያ ዋኘው፣ የእርስዎ ልጅ ከተማ ተቀምጣ የእኔዋን ብርድ ይብላት?» አሏቸው። አቶ ዋኘው በሳምንቱ በመምህርነት የተመረቀችውን ልጃቸውን ትዕግስትን እዚያው መደቧት።

ትዕግስት የሠራችው አራት ወር ብቻ ነው። ሞግዚት ሳይመደብላት ሃምሳ ሦስት ሕፃናት ለብቻዋ ይዛ ቆየችና፣ በጥር ወር ለማንም ሳትናገር ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቤት ገባች። አባቷ አልተቆጧትም። እራቷን አቅርቡላት አሉ። በማግሥቱ የመስክ ሥራ አለብኝ ብለው ወጡ፤ ከሁለት ወር በኋላ የተመለሱት ደረታቸው ታፍኖ፣ እየሳሉ ነበር።

ሳሉ አልለቀቃቸውም። ጡረታ ሳይደርሱ ሥራ አቆሙ። ከሕመሙም ይልቅ፣ መምህር የሌለው ክፍል በሪፖርት «ተከፍቷል» እየተባለ መጻፉ ያንገበግባቸው ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ትናንት ከዚያች ቀበሌ ለለቅሶ የመጡት አቶ ነጋ ያ የመስክ ሥራ ምን እንደነበር ነገሩን። አባታችን ያን ሁለት ወር የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ሕፃናቱን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ያድሩ የነበረውም ትዕግስት ትታው በሄደችው ቤት፣ በባዶ ወለል ላይ ነው። ፈቃዳቸው ሲያልቅ ክፍሉ ተዘጋ፤ ዘንድሮም መምህር የለውም።

አቶ ዋኘው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጎን ያሳርፍልን። ይህን የማነብላችሁ ልጃቸው ትዕግስት ነኝ። አባቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም፤ እባካችሁ ይቅር እንዲለኝ ጸልዩልኝ።