በሽንኩርት ልጣጭ የሠራኋቸው የገና ካርዶች

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ሙቀቱ ኅዳር መግባቱን አልሰማም። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ አልተቻለም። ልብስ አጥቤ ናፊሳ ሱቅ ደጃፍ ጥላው ውስጥ ተቀመጥኩ። ናፊሳ ጎረቤቴ ናት፣ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። ሳልሳቀቅ የማወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው።

ስልኬ ጠራ። እህቴ ሐና፣ ከአዲስ አበባ። እንደ ልማዴ ስልኩን ለናፊሳ ሰጠኋት። "ደህና ናት... አዎ፣ ትበላለች... አጠገቤ ናት፣ ሰላም ትልሻለች..." እንደ ሕፃን ስለ እኔ ሲወራ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ናፊሳ ስትጨርስ ተቆጣች። "እስከ መቼ ነው በእኔ አፍ የምታወሪው?"

ምን ልበላት? ሰኔ ላይ እንቅርቴ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ድምፄ ሻካራ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮኛል። ሊሆን እንደሚችል አውቄ ነው የፈረምኩት። እብጠቱ መተንፈሻዬን እየተጫነው ስለነበር ምርጫም አልነበረኝም። ግን ማወቅ ሌላ፣ የራስን ድምፅ መስማት ሌላ... መጀመሪያ የደወልኩት ለአክስቴ ለእትዬ የሺ ነበር። "ማን ልበል ወንድሜ?" አሉኝ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በስልክ አውርቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤትም የአጸደ ሕፃናት ክፍሌን ትቼ መዝገብ ቤት ገብቻለሁ። ራሴ ጠይቄ። በዚህ ድምፅ ለሕፃን ተረት ይነገራል?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ናፊሳ ሱቅ የገና ካርድ ገባ። በረዶ፣ ጥድ፣ ቀይ የለበሰ ጺማም ሽማግሌ። እዚህ ሮቢት ላይ በረዶ ማን አይቶ ያውቃል? እንዲህ ስላት ሳቀች። "እኔ ሻጭ ነኝ። ካልወደድሽው ራስሽ ሥሪ!"

ቀልዷን ነው። እኔ ግን ቤት ከገባሁም በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

በየዓመቱ ለገና ለዘመድ ሁሉ እደውል ነበር። ዘንድሮ አልደውልም። ቴክስት? እሱንማ ሰው ሁሉ ከሌላ የደረሰውን ነው መልሶ የሚልከው። አይሆንም። በእጄ እሠራለሁ። ለሐና፣ ለእትዬ የሺ፣ ለወንድሜ ለታምራትና ለሚስቱ፣ ለናፊሳም። ከሁሉ የበለጠውን ደግሞ ለአባባ።

አባባ... ከሰኔ ወዲህ አልመጡም። ያሉት ቀወት ገጠር ነው፣ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ድሮ ለገበያ በወጡ ቁጥር ሳያዩኝ አይመለሱም ነበር። "አንገት በቢላዋ አይነካም፣ ጸበል ግቢ" ሲሉኝ እምቢ ብዬ ነው የታከምኩት። ተቀይመውኛል ማለት ነው። አብሯቸው ያለው ታምራት ነው። በቴክስት ስጠይቀው "ደህና ናቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው" ብቻ ይላል።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ሮቢት ላይ የማይታጣው ሽንኩርት ነው። የሽንኩርት መጋዘኑ ደጃፍ ቀይ ልጣጭ በነፋስ ሲበር አየሁና ለቀምኩ። ዘበኛው "ምን ልታደርጊው ነው?" አለኝ። በእጄ የመለጠፍ ምልክት አሳየሁት። አፍ የለኝም መሰለው፤ አዘነልኝና በፌስታል ሞልቶ ሰጠኝ። ይምሰለው።

ቤት ገብቼ ጀመርኩ። ልጣጩ ሲነኩት ይሰነጠቃል። ኮላው ወረቀቱን አጨማደደው። የመልአክ ክንፍ ልሠራ ብዬ የተነጨች ዶሮ ወጣች። ናፊሳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ትሳቅ። ነገ እንደገና።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ተገኘ! ልጣጩን ለብ ባለ ውሃ መንከር፣ በጨርቅ መሸፈን፣ ከዚያ በካውያ በስሱ መተኮስ። አይሰነጠቅም፣ ያበራል፣ ሐር ነው የሚመስለው። ከአንዱ ሽንኩርት ሐምራዊ፣ ከሌላው ወርቅማ ቡኒ ይወጣል። ጌታ የተወለደበትን በረት አጥርና ጣሪያ በማሽላ አገዳ ልጣጭ ሠራሁት። በግርግሙ ዙሪያ ላም ብቻ ሳይሆን ግመልም አስገባሁ፤ የእኛ አገር በረት ነው።

ናፊሳ ካርቶኑን በማሽኗ እየቆረጠች ትሰጠኛለች። "ወላሂ ሱቁ ላይ ብሰቅለው በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው" አለች።

"አይሸጥም።"

"እሺ እሺ፣ አትቆጪ።"

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ

ሥዕሉ ለመደልኝ። ያስቸገረኝ ጽሑፉ። "እንኳን አደረሰዎ" ብዬ... ከዚያስ? እሱንማ የሱቁም ካርድ ይለዋል። ድካሜ ለምኑ ነው?

ለእትዬ የሺ እንዲህ ጻፍኩ፦ "እትዬ፣ ሐምሌ ላይ ደውሎ የዘጋብዎት 'ወንድምዎ' እኔ ነበርኩ።" ብቻዬን ሳቅሁ። ቀለለኝ።

የአባባ ካርድ ሥዕሉ አለቀ። ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ የአከራዬ ፍየል ደጃፌ ላይ ቆማ ታመነዥካለች። ኮላው እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ የዘረጋኋቸውን ካርዶች... አገዳውን ከነሽንኩርቱ፣ ካርቶኑን ከነጫፉ። የሐና ካርድ ግማሹ ተርፏል። የአባባ ምንም የለም።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ትቼው ልተኛ? ማንስ ካርድ ላኪልን አለኝ?

ናፊሳ መጣች። የተረፈውን ቁራጭ አነሳች፣ አየችው። ሄደችና አዲስ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ፊቴን ታጠብኩ። ካውያውን ሰካሁት።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

የአሁኑ የአባባ ካርድ ከተበላው ይበልጣል። ለጣሪያው አገዳውን ሳልሰነጥቅ ቀጫጭኑን ደረደርኩ። በግርግሙ ውስጥ እውነተኛ ጭድ። በረቱ ደጃፍ እውነተኛ የማሽላ ፍሬ፣ ከእሳቸው ማሳ የመጣ። ውስጡንም ጻፍኩ። ደጋግሜ ቀደድኩ፣ በመጨረሻ እውነቱን ብቻ ጻፍኩ።

ለታምራት ልሰጠው ነበር፤ ቅዳሜ ለገበያ ይወጣል። ናፊሳ አልተስማማችም። "ራስሽ ውሰጂው።"

"ካርዱ ያወራልኛል።"

"ያውራ። አባትሽ ቢመልሱለት ግን ይሰማል?"

እሺ... እሄዳለሁ። ካርዱን ሰጥቼ፣ ጉልበት ስሜ፣ ዝም ብዬ እመለሳለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ

የሐናና የእትዬ የሺ ካርዶች ከትናንት ወዲያ በአውቶቡስ ሄዱ። ናፊሳ የእሷን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ሰቀለችው። "ማሻአላህ፣ ግመሏ የአጎቴን ትመስላለች።" ነገ ገጠር። ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠምጥሜ።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ከየት ልጀምር...

ትናንት እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ። ታምራት ደጅ ላይ ሲያየኝ ደነገጠ። "ሳታሳውቂን መጣሽ?" አባባ ግራሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ቀና አድርገው ፊቴን ዳሰሱት።

"ማን ናት?" አሉ።

ክው አልኩ።

"ሊድያ ናት አባባ" አለ ታምራት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶታል። እንዳንነግርሽ አስምለውን ነው። የራሷ ሕመም ይበቃታል ብለው።"

ዓይናቸው! እኔ ቂም ነው ስል... ለካ መንገዱ ስለማይታያቸው ነው።

እጃቸው ፊቴ ላይ ቆየ። እንድናገር እየጠበቁ ነው። አልተናገርኩም። ካርዱን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት። በጣታቸው ሄዱበት። "ይሄ አገዳ ነው... ይሄ ማሽላ። ይሄ ስሱስ?"

"የሽንኩርት ልጣጭ ነው አባባ" አለች የታምራት ሚስት።

ፈገግ አሉ። ገለጡት፣ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት። ዳዊት ሳይደግሙ ውለው የማያውቁ ሰው!

"ጽሑፍ አለው?"

"አለው፣ ላንብብልዎት" አለ ታምራት እጁን እየዘረጋ።

"አይ። የጻፈችው ታንብበው።"

ላለመናገር ብዬ ስንት የደከምኩበትን ካርድ መልሰው ሰጡኝ። ልሩጥ? ታምራት መሬት መሬቱን ያያል። ሚስቱ ልጇን ዝም አሰኘች። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"አባባ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎ። ያልመጣሁት ተቀይሜዎት አይደለም። ድምፄ ተበላሽቷል። እርስዎ እንዲሰሙት ስላልፈለግሁ ነው። እርስዎ ተቀይመውኝ ከሆነ ግን... ይቆጡኝ፣ ብቻ ዝም አይበሉኝ። ልጅዎ ሊድያ።"

መሀል ላይ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ። ውሃ ተጎነጨሁና ቀጠልኩ። ስጨርስ አባባ አንገታቸውን ደፍተዋል።

"እኔ ደግሞ" አሉ፣ "ድምፅሽን የከለከልሽኝ ስላኮረፍሽኝ መስሎኝ... ጸበል ግቢ ብዬ ስለተጫንኩሽ። ስልክ በጠራ ቁጥር አንቺ ትሆኚ ይሆን እያልኩ..."

"አባባ..."

"እስቲ እንደገና አንብቢው።"

"ያስጠላል እኮ ድምፄ።"

"ጎርነን አለ እንጂ ምን ሆነ? የእናቴ ድምፅ እንዲህ ነበር። ከወንዝ ማዶ ስትጣራ ከብቱ ሁሉ ነበር የሚመለሰው። አንብቢ።"

አነበብኩ። ጎረቤት ለበዓሉ ሲሰበሰብም እንደገና አስነበቡኝ። አንድ ሽማግሌ ሳቅ አሉ። አባባ ወደ ሳቁ ዞር ብለው፣ "ልጄ ናት የምታነበው" አሉ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ለሐና ደወልኩ። ራሴ። "ሊዱ?" አለችና አለቀሰች። "ካርድሽ ፊት ለፊቴ ነው" አለች። ስለ አባባ ዓይን ነገርኳት። የሚያውቅ ሰው ጠይቃ ማታውኑ መለሰችልኝ፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ደብረ ብርሃን ይሠራል።

እትዬ የሺም ደወሉ። "ወንድሜ ያልኩሽን ተይልኝ፣ እኔ አፈር ልብላ" እያሉ ይስቃሉ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄም ሻካራ ነው ለካ። እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ አልሳቅሁም ነበርና አላወቅሁም።

አባባን ወደ ሕክምና መውሰድ አለብኝ። እምቢ ይላሉ። አውቃለሁ። ይበሉ።

ጥር 12፣ ማክሰኞ

ለጥምቀት ገጠር ሄጄ ዛሬ ተመለስኩ። እንዳሰብኩት ነው።

"ዓይን በቢላዋ አይነካም" አሉ አባባ።

"አንገትም አይነካም ብለውኝ ነበር።"

እጃቸውን ዘረጉ፣ አንገቴን ፈለጉ። ነጠላዬን ፈታሁት። ጣታቸው ጠባሳዬን አገኘው፣ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት።

"ይቺ ብቻ ናት?"

"ይቺው ናት።"

"እኔ ደግሞ እንደ በግ ታርደሽ... በሐሳቤ ስንት ጊዜ አየሁሽ መሰለሽ። ያመኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?"

"ከእብጠቱ አይብስም። የእርስዎ ደግሞ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው ብለውኛል።"

"አጠገቤ ትሆኛለሽ?"

"ከጎንዎ አልነሳም።"

"ሐኪሙ የሚለው ባይሰማኝ አንቺ ትነግሪኛለሽ?"

"እነግርዎታለሁ።"

"እሺ" አሉ። እሺ!

ጥር 18፣ ሰኞ

ደብረ ብርሃን። መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ በማለዳ ወጣን። ብርዱ! አባባ ሁለት ጋቢ ደርበውም ይንቀጠቀጣሉ። የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሰው ተጨናንቋል። መዝጋቢዋ በመስኮቱ "አይሰማም፣ ጮክ በይ" አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አባባ ክንዴን ይዘዋል።

"ሽፈራው!" አልኩ፣ የአባባን ስም፣ ባለኝ አቅም ሁሉ። "ሽፈራው ነው ስማቸው! ከቀወት!"

መዘገበች። ነገ ይገባሉ።

ጥር 21፣ ሐሙስ

ትናንት ጠዋት ፋሻው ተፈታ። ለጊዜው አንዱ ዓይን ነው፣ ሌላው ከወራት በኋላ። አባባ መጀመሪያ ነርሷን አዩ፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ እኔን። እንባ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ "ከስተሻል" አሉ። ከዚያ አንገቴን አዩ። ራቁቱን ነበር። ነጠላዬን ትራስ ላደርግላቸው አንስቼው ረስቼዋለሁ።

ዛሬ ከመነሳታችን በፊት ለርእሰ መምህሯ ደወልኩ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ አልኳት። "ድምፅሽስ?" አለች። "ይሄው፣ እየሰማሽው" አልኳት። "እንኳን ደህና መጣሽ" አለች። ሕፃናቱ መጀመሪያ ሊፈሩኝ ይችላሉ። ይለምዱታል። የሽንኩርት ልጣጭ ይዤ ነው የምገባው።

ሚኒባስ ውስጥ አባባ መስኮቱን ለማንም አልሰጡም። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፣ ጋቢያቸውን አወለቁ። ደብረ ሲና ስንደርስ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ያገኙትን ታፔላ ሁሉ። "ቁርስ... ቤት። የልብስ... ስፌት። ጎ...ሚስታ። ጎሚስታ ምንድን ነው?"

"ጎማ የሚጠገንበት ነው አባባ።"

"ምን?"

"ጎማ የሚጠገንበት!"

"ሞተሩ እየጮኸ አላሰማ አለኝ፣ ጮክ በይ!"

ጮህኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ይዙር። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መስኮቱ ተመለሱ፤ ቀጣዩ ታፔላ እየመጣ ነበር።