ስለ ሃያ ሁለት ቁጥር

ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች
እሑድ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2025

ለምወድሽ ልጄ ያስሚን፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔም እናትሽም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እናትሽ ዘጠነኛ ፎቅ በእግሯ ነው የምትወጣው፤ ጉልበቷ ደህና ነው፣ የደከማት ማኔጅመንቱን መርገም ነው።

ደብዳቤ የጻፍኩልሽ በስልክ ልነግርሽ ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ቴክስት ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ስወስድሽ ትነጫነጪ ነበር፤ ዛሬ ጠቀመኝ። ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ረቡዕ ስትደውዪልኝ ባስ ውስጥ ነበርኩ። "አባዬ፣ ሃያ ሁለት ሞተች" አልሽኝ። መጀመሪያ ሰው መስሎኝ ደነገጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ። እዚያ ዋሽንግተን ስቴት ዘራቸው ከጠፋ ስንት ዘመን በኋላ ከሌላ ስቴት አምጥታችሁ ከለቀቃችኋቸው ፕሮንግሆርኖች አንዷ ናት። ፎቶዋን ልከሽልኛል፤ ፌቆ የምትመስል፣ ጉሮሮዋ ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ አንገቷ ላይ ቁጥሯ ያለበት፣ የሄደችበትን የሚያሳይ ኮላር ያሰራችሁላት።

በጋውን ሙሉ ስለሷ ስታወሪኝ ነበር። ከለቀቃችኋት ቦታ ወጥታ፣ የመስኖውን ቦይ ተሻግራ፣ ሦስት ጓደኞቿን አስከትላ በሰው ስንዴ ውስጥ ዘጠና ኪሎ ሜትር ሄደች። "ታዲያ ጠፍተዋል፤ ለምን አትመልሷቸውም?" ስልሽ ሳቅሽብኝ። "ሎስት አይደሉም አባዬ፣ ኤክስፕሎር እያደረጉ ነው። የሚመቻቸውን ቦታ ራሳቸው ይምረጡ" አልሽኝ።

ረቡዕ ግን አልሳቅሽም። ሃይዌይ ላይ ትራክ ገጭቷት፣ ኮላሯ አልንቀሳቀስ ሲል ሄደሽ ያገኘሻት አንቺ ነሽ። "ከመንገዱ ዳር እስከ አጥሩ ተጎትታ ሄዳለች አባዬ። ወዲያው አልሞተችም። ምን ዓይነት ሰው ነው ገጭቶ የማይቆመው?" አልሽኝ።

እኔ "እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ ጠንክሪ፣ ፌርማታዬ ደርሷል" ብዬ ዘጋሁ። ፌርማታዬ አልደረሰም ነበር። ማታ ለእናትሽ ደውለሽ "አባዬ ለሥራዬ ግድ የለውም" ስትያት ሰምቻለሁ። አልፈርድብሽም።

ልጄ፣ እኔም ገጭቼ አልቆምኩም።

2010 ላይ ነው፤ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ከካልጋሪ በትራኬ ሥጋ ጭኜ እየተመለስኩ ነው፤ ሳስካችዋን ከገባሁ አንድ ሰዓት አይሆነኝም። ቀን ነው፣ በረዶም ዝናብም የለም። ከግራ በኩል ሰባት ስምንት የሚሆኑ ፕሮንግሆርኖች በአጥሩ ሥር እየተሽሎከለኩ ወጡና መንገዱን አቋረጡ። ፍሬን ያዝኩ፤ ያ ሁሉ ክብደት ግን ቶሎ አይቆምም። የመጨረሻዋን ገጨኋት። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። በስፖኪዮ ሳይ ልትነሳ ትሞክራለች፤ የፊት እግሮቿ ይነሳሉ፣ የኋላዎቹ እምቢ አሏት።

መቆም እችል ነበር። ከኋላዬ አንድም መኪና አልነበረም። ግን ካልጋሪ ላይ ሲጭኑልኝ አራት ሰዓት አስጠብቀውኝ ዘግይቻለሁ፤ ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር እየደወለ ይጨቀጭቀኛል፤ ላንቺም ለአረፋ እደርሳለሁ ብዬሻለሁ። ይህን ሁሉ ለራሴ ነገርኩትና ነዳሁ። ሬጃይና ስደርስ ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሜ፣ የትራኩ የፊት ፍርግርግ ላይ የቀረውን ጠጉሯን በጓንቴ አነሳሁ።

ለአረፋ ደረስኩ። ፓርኪንጉ ድረስ ወርደሽ ተቀበልሽኝና የፊት መብራቱ መሰበሩን አይተሽ "ምን ሆኖ ነው?" አልሽኝ። "በረዶ ነው" አልኩሽ። አመንሽኝ። ትራኩን አይዞህ ብለሽ ዳበስሽው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ምዕራብ አልሄድኩም። የሞንትሪያልን መስመር የጠየቅኩት ለወገቤ ነው ብያችሁ ነበር። ወገቤ ደህና ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ለእናትሽ ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን ነው የምታውቂው?"

"ጓንትህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? በረዶ ጠጉር የለውም ዘይኑ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትናገር ነዋ። ደግሞ መናገር ያለብህ ለኔ አይደለም፣ ለሷ ነው። አባቴ ግድ የለውም እያለች እንድትኖር አትተዋት።"

አሥራ አምስት ዓመት አብራኝ ስትኖር ይህን ይዛ መኖሯን አላወቅኩም ነበር። ቁጭ ብዬ ያጠፈችውን ልብስ አብሬያት ቁም ሣጥን ውስጥ ከተትኩ።

ያንን ሰው ይቅር በዪው ብዬ አልለምንሽም፤ ለራሴ መለመን ይሆንብኛል። ምን ዓይነት ሰው ነው ላልሽው ግን እኔ የማውቀው ይኸው ነው። ቤት የሚጠብቀው ልጅ ያለው፣ የሚቸኩል፣ ለራሱ ምክንያት የማያጣ ሰው ነው። ጥሏት መሄዱ ልክ አልነበረም። የኔም ልክ አልነበረም። ምናልባት እሱም ዛሬ የሆነ ቦታ ቆሞ የትራኩን መብራት እያየ ይሆናል።

ሦስቱ ጓደኞቿ ወደ ሰሜን አልፈው ማንም ያላሰበው ሸለቆ ውስጥ መሰንበታቸውን እናትሽ ትናንት ነገረችኝ። ሳሩ ጥሩ ነው ብለሻታል አሉ። እሰይ ብያለሁ። አንቺ ግን እነሱን ብቻሽን ስትከተዪ ስንት ቀን ሳትበዪ ትውያለሽ? ብርዱስ ገብቷል? እናትሽ ሹራብ ልካልሻለች፤ ቀለሙን ባትወጂውም ልበሺው።

ይህን አንብበሽ መደወል ካስጠላሽ ጊዜ ውሰጂ፤ አልቀየምም። ከፈቀድሽልኝ ግን ስፕሪንግ ሲገባ መጥቼ ያሉበትን አገር ባየው ደስ ይለኛል። እዚያ መሪ አልይዝም። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ ጎንሽ እቀመጣለሁ። ቀስ ብለን እንሄዳለን፤ መቆም በፈለግሽበት ሁሉ እንቆማለን።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ፤ የለፋሽበትን ያሳምርልሽ። አሚን።

የሚናፍቅሽ አባትሽ
ዘይኑ