የእትዬ ቡና

ጥቅምት 4
የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ዛሬ መጡ። እስክወልድ ሊያግዙኝ። ጥሩ ነው... ጥሩ ነው? አምና የመጀመሪያው ጽንስ ሲወርድብኝ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት “ቡናዋ ነው ያስወረዳት” ያሉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ስለዚያ ትንፍሽ አላሉም። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ግን ወጥ ቤት ገቡ።

ጥቅምት 7
የክሊኒኩ አዋላጅ ቡና ቀንሺ እንጂ ተዪ አላለችኝም። ጠዋት አንድ ስኒ ይበቃሻል አለች። ለእትዬ ነገርኳቸው። እሺ፣ እኔ አፈላልሻለሁ አሉ። እንዲህ በቀላሉ? የቡና ቆርቆሮውንም ከመደርደሪያው አንስተው የት እንዳደረጉት እንጃ።

ጥቅምት 11
ራሴ ሊፈነዳ ነው። ስፌት መኪናው ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ፤ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። አሠሪዬ ሳቀችብኝ። ቡናው አልጣመኝም። መልኩ ቡና፣ ጣዕሙ... ምን? ባሌ እርግዝናው ነው አፍሽን የለወጠው ይላል። እህቱ አይደሉ፣ ምን ይበል።
ጠጥቼ እስክጨርስ አጠገቤ ይቆማሉ። ለምን?

ጥቅምት 13
የሆነ ነገር ይጨምሩበታል። ቅጠል? መድኃኒት? በሆዴ ባለው ላይ ክፉ ታስቦ ይሆን... ከእጃቸው መብላት አቆምኩ። ባሌ አኮረፈኝ። ያኩርፍ።

ጥቅምት 14
ቡናውን በጠርሙስ ደብቄ ለአዋላጇ ወሰድኩ። አሸተተች፣ ጠብታ ቀመሰች።
“ይሄማ የተቆላ ገብስ ነው። ቡና የሚባል የለበትም።”
ራስ ምታቱም ቡና ድንገት ከማቋረጥ የመጣ ይሆናል አለች። አምና የምጠጣውን ነገርኳት። ያን ያህል ቡና ጽንስ አያስወርድም፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም፣ ጥፋተኛ አትፈልጊ አለችኝ። የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ።

ጥቅምት 15
ባሌ እስኪወጣ ጠብቄ ጠርሙሱን ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሸሚዝ እየተኮሱ ነበር። አልካዱም። ካውያውን ነቀሉ። እኔም ሁለቴ ወርዶብኛል፣ አማቴ ቡናሽ ነው አሉኝ፣ አመንኩ፣ ከዚያ ወዲህ ስኒ አልነካሁም አሉ። ያንቺም እንዳይሄድ ፈርቼ ነው አሉ። አዋላጇ ያለችውን ነገርኳቸው። ቀስ ብለው፦
“ቡናው ካልሆነማ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁም ነበር ማለት ነው?”
ካውያውን መልሼ ሰካሁና ሸሚዙን ወስጄ መተኮሱን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 19
አብረን አዋላጇ ጋ ሄድን። ከራሷ አፍ ልስማ ብለው። ሰሙ። ስንወጣ ጥጉ ላይ ያለው ካፌ አስገቡኝ፤ ለራሳቸው ቡና አዘዙ። ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። መረረኝ አሉ። ግን ጨረሱት። ከዚያ “ይሄን አንቱታሽን ተዪልኝ” አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ።

ጥቅምት 24
እትዬ ለሕፃኑ ካልሲ እየሠራች ነው። አንዱ ካንዱ የሚተልቅ ይመስለኛል፤ ዝም ብያለሁ። ማታ ሾርባ አቀረበችልኝ። ምን እንደገባበት ሳልጠይቅ ጠጣሁ። ጨምሪልኝ አልኳት።